የኢጣሊያን ታንክ በ1 ለ 35 መጠን ስንሠራ ምን እንማራለን?

ከአንድ የሕክምና ተማሪ፣ ጅዳ

ለሚያዝያ 27 ቀን መታሰቢያ ትርኢታችን በ1928 ዓ.ም. ሀገራችንን የወረረው የፋሽስት ጦር ከተጠቀመባቸው መሣሪያዎች አንዱን በትንሹ ሠርተን እናቅርብ የሚል ሐሳብ ከአባላት መካከል ተነሥቷል። በሐሳቡ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ቀርበዋል። አንደኛው፣ የአርበኞቻችንን ጋሻና ጦር ትተን የጠላትን ታንክ ለምን እንሠራለን? ሁለተኛው፣ ከሠራንስ ሳንሳሳት እንዴት እንሠራለን? የሚሉ ናቸው። ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም መልስ ለመስጠት ይሞክራል።

ለመጀመሪያው ጥያቄ አጭሩ መልስ ይህ ነው። አርበኛው ምን እንዳሸነፈ በትክክል ካላወቅን ጀግንነቱን በትክክል ልንናገር አንችልም። «ታንክን በጎራዴ ማረኩ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እንዴት እንደ ማረኩ ማስረዳት ግን ጥናት ይጠይቃል።

ጉዳዩ እዚህ ለምንኖረውም ሩቅ አይደለም። ወራሪውን ጦርና ታንኮቹን የጫኑ መርከቦች በስዊዝ ቦይ አልፈው ምጽዋ የደረሱት ከፊታችን በተዘረጋው በዚህ በቀይ ባሕር ነው። በ1933 ዓ.ም. ምጽዋ ልትያዝ ስትቃረብም ፓንቴራና ቲግሬ የተባሉትን ሁለት የኢጣሊያ የጦር መርከቦች የገዛ መርከበኞቻቸው ከጅዳ በስተደቡብ ባለው ዳርቻ አስጥመዋቸዋል።

1. መሣሪያው ምን ነበር?

የምንሠራው «ካሮ ቬሎቼ» ማለትም «ፈጣን ታንክ» ይባል የነበረውን ትንሽ ታንክ ነው። ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1929 ካርደን ሎይድ የተባለውን የእንግሊዝ ትንሽ ታንክ ገዝታ ከመረመረች በኋላ አንሳልዶና ፊያት የተባሉት ኩባንያዎች በዚያው አምሳል የራሳቸውን አወጡ። ሞዴል 33 እና ሞዴል 35 የተባሉት ስማቸውን ያገኙት ከአውሮፓውያን ዓመተ ምሕረት ነው።

ክብደቱ 3 ቶን ከጥቂት፣ ሠራተኞቹ ሁለት፣ የሞተሩ ጉልበት 43 የፈረስ ጉልበት ነበር። በጥሩ መንገድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። የብረቱ ውፍረት እንደየቦታው ከ6 እስከ 14 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ተራ የጠመንጃ ጥይት ከፊት ለፊት አይበሳውም። የሚሽከረከር ማማ ግን የለውም። መትረየሶቹ በሣጥኑ ፊት ላይ የተተከሉ ስለሆኑ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞሩት በጥቂቱ ብቻ ነው። በጎን ወይም በኋላ የመጣውን ለመምታት ታንኩ በሙሉ መዞር አለበት። ሠራተኞቹም ክዳኑን ሲዘጉ ውጭውን የሚያዩት በጠባብ ቀዳዳ ነው። የኢጣሊያ ወታደሮች ራሳቸው «የሰርዲን ቆርቆሮ» ይሉት ነበር።

2. መጠኑ የሚናገረው

በ1 ለ 35 መጠን መሥራት ማለት እያንዳንዱን እውነተኛ ልክ ለ35 ማካፈል ማለት ነው። ርዝመቱ 3.17 ሜትር ያህል ስለሆነ ሞዴላችን 9 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ወርዱ 1.40 ሜትር ስለሆነ 4 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 1.30 ሜትር ያህል ስለሆነ 3.7 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከሁሉ የወፈረው ብረት እንኳ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከወፍራም ወረቀት ብዙ አይለይም።

አሁን ከጎኑ ሰው እናቁም። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው በዚሁ መጠን 4.9 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። እንግዲህ ታንኩ ከቆመ ሰው ትከሻ በታች ነው! ብዙዎቻችን ታንክ ሲባል እንደ ቤት የገዘፈ ነገር ይመስለናል። ይህኛው ግን አንድ ጎልማሳ ሰንሰለቱን ረግጦ በአንድ ዝላይ ጣሪያው ላይ ሊወጣበት የሚችል ነበር። መጽሐፍ ብቻ ሲነበብ ተረት የሚመስለው ታሪክ በመጠን ሲለካ የሚቻል ነገር ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ታንኩን ብቻውን ማቅረብ አይበቃም፤ የሰው ልክ ከጎኑ ይኑር። በሃይማኖት ምክንያት የሰው ምስል መሥራት የማይፈልጉ አባላት ስላሉ በ4.9 ሳንቲ ሜትር የተቆረጠ ቀጭን እንጨት ማቆም ይበቃል። ትምህርቱ ያው ነው።

3. ደምበጉይና

ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን ዲሴምበር 15 ቀን 1935) ከጎጃም የዘመተው የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ተከዜን ተሻግሮ በሽሬ አውራጃ ወደ ደምበጉይና መተላለፊያ ገሰገሰ። በዚያ የነበረው የኢጣሊያ ኃይል ሻለቃ ክሪኒቲ የሚያዘው ሲሆን አንድ ሺህ ያህል ኤርትራውያን ወታደሮችና ዘጠኝ ያህል ትናንሽ ታንኮች ነበሩት። ከበባውን ለመስበር ታንኮቹ ወደ ፊት ተላኩ።

በሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ፍጥነታቸውና መትረየሳቸው ብዙ ሰው በፈጀ ነበር። በዚያ ገደልና ቋጥኝ ግን ፍጥነት አልጠቀመም። ተዋጊዎቹ መትረየሱ ከማይደርስበት ከጎንና ከኋላ እየቀረቡ ወጡባቸው፤ መንገዱንም በድንጋይ ዘጉባቸው። አንድ ተዋጊ ከኋላ ወጥቶ ክዳኑን እንዳንኳኳና ሠራተኞቹ ሲከፍቱ በጎራዴ እንደ ጨረሳቸው ይተረካል። ከዚያ ቀደም ኅዳር 1 ቀን በኦጋዴን ሐማንሌ ላይም የዚህ ዓይነት ታንኮች በኢትዮጵያውያን እጅ ወድቀው ነበር።

እዚህ ላይ መሸፋፈን የሌለበት ነገር አለ። በደምበጉይና በሁለቱም ወገን ከወደቁት አብዛኞቹ የአንድ አካባቢ ልጆች ነበሩ። ቅኝ ገዢው ወንድምን ከወንድም ጋር አዋግቶ እሱ ከኋላ ቆመ። ትርኢታችን ይህን ካልተናገረ ግማሽ እውነት ነው።

4. ማስረጃን ስለ መመርመር

የሠራነውን የምናመሳክረው ከፎቶግራፍ ነው። ከዘመኑ ፎቶግራፎች ብዙዎቹን ያነሣው ግን ወራሪው ራሱ ነው። ስለዚህ ታንኮቹ በሰልፍ ሲሄዱ፣ ወንዝ ሲሻገሩ፣ ወታደሩ ሲፈግግ እናያለን። የተገለበጠውና የተቃጠለው ታንክ እንደዚያ በብዛት አይታይም። ፎቶግራፍ ስንመለከት ማን አነሣው? ለማን? ምንስ ከፍሬሙ ውጭ ቀረ? ብለን እንጠይቅ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ሞዴሎቹን አለማደባለቅ ነው። በሞዴል 33 ብረቶቹ የተያያዙት በብየዳና በሪቬት ሲሆን በሞዴል 35 ብዙ ቦታ ቡሎን ይታያል። የመጀመሪያዎቹ ሞዴል 33 ታንኮች አንድ 6.5 ሚሊ ሜትር መትረየስ ብቻ ነበራቸው፤ ኋላ ግን ጥንድ 8 ሚሊ ሜትር ሆነ። ጥንድ መትረየስ ያለውን ፎቶግራፍ ይዞ ነጠላ መትረየስ መትከል ስሕተት ነው። ስለ ቀለሙም ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የሚነግረን ደማቅና ደብዛዛ ብቻ ነው፤ ከእሱ ተነሥቶ «ይህ በእርግጥ አረንጓዴ ነው» ማለት አይቻልም።

5. አሠራሩ

ብሮንኮ የተባለው ኩባንያ ሁለቱንም ሞዴሎች በ1 ለ 35 አውጥቷል። መግዛት ያልቻለ ከካርቶንና ከእርጎ ዕቃ ፕላስቲክ ቆርጦ ሊሠራ ይችላል።

ሀ) መጀመሪያ ከላይ በተሰጠው ልክ የፊት፣ የጎንና የላይ ንድፍ በወረቀት ይነሣ።
ለ) 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የቡሎን ራስ 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። በመርፌ ጫፍ ጠብታ ኮላ ማስቀመጥ ይበቃል። ከዚህ ከተለቀ ታንኩ ፈንጣጣ የያዘው ይመስላል።
ሐ) መትረየሶቹ ከኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ስንጥቁ በስቱኮ።
መ) የጅዳ አየር ርጥበት ስላለው የሚረጭ ቀለም ያደበዝዛል። አየር ማቀዝቀዣ ባለበት ክፍል በብሩሽ ይቀባ።
ሠ) ለመሬቱ የተነፋ አፈር በኮላ ይበተን። የመካ አባላት ግን የሐረምን አፈርና ድንጋይ ከክልሉ ማውጣት በብዙ ዑለማ ዘንድ ስለማይፈቀድ ከውጭ ይውሰዱ። ክርስቲያን አባላት መካ መግባት ስለማይችሉ ሥራው ሁሉ ጅዳ ላይ ይሰብሰብ።
ረ) ታንኩ ንጹሕና አዲስ ሆኖ አይቅረብ። አንድ ሰንሰለቱ ወልቆ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ በቋጥኝ መካከል ቆሞ ይታይ።

6. የድሉ ማግስት

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ የሚል ታሪክ በሆነ ነበር። ነገር ግን ከደምበጉይና አንድ ሳምንት ያህል እንኳ በቅጡ ሳያልፍ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ በነበረው የራስ እምሩ ጦር ላይ የሰናፍጭ ጋዝ አዘነቡ። ኢጣሊያ ይህን የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቫ ፕሮቶኮል ፈርማ እ.ኤ.አ. በ1928 አጽድቃው ነበር።

ይህ መርዝ ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው። በነካበት ጊዜ ብዙ አያምም፤ ከሰዓታት በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ዓይን ያብጣል፣ የመተንፈሻ አካል ይቆስላል፤ መጠኑ ሲበዛ ደም የሚሠራውን የአጥንት መቅኔ ያጠቃል። በልብስ ውስጥ ሰርጎ ያልፋል። ዛሬም ቢሆን ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ልብስን አውልቆ ፈጥኖ መታጠብና ቁስሉን ማከም ብቻ ነው። በባዶ እግሩ ለዘመተ፣ የሚቀይረው ልብስ ለሌለው ሠራዊት ይህ ምን ማለት እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። ሐኪም ቤትም አልተማረም፤ ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ተመታ።

እንግዲህ ሞዴላችን ሁለት ነገር ይናገራል። ታንኩ ሰው ሊወጣበትና ሊያቆመው የሚችል ነበር፤ ቆመም። ከሰማይ የወረደውን መርዝ ግን በጎራዴ ማቆም አልተቻለም። የመጀመሪያውን ብቻ ብናሳይ ለምን እንደ ተሸነፍን ለሚጠይቀን ታናሽ ወንድም መልስ አይኖረንም፤ ሁለተኛውን ብቻ ብናሳይ ደግሞ አባቶቻችን እንደ በግ የታረዱ ይመስለዋል። ስለዚህ ከታንኩ አጠገብ አንድ ካርድ ይቀመጥ፤ ሁለቱም ቀኖች ይጻፉበት።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1ኛ. በአካባቢያችሁ ስለ ማይጨው ዘመቻ የሚተረከው ስንት ያህሉ በልክና በማስረጃ ሊፈተን ይችላል?
2ኛ. ወራሪው ካነሣቸው ፎቶግራፎች የተወራሪውን ታሪክ ማውጣት የሚቻለው እንዴት ነው?
3ኛ. ከወራሪው ጎን ተሰልፈው የወደቁትን ወገኖች በትርኢታችን ላይ እንዴት እናስባቸው?