የሚያንጠባጥብ ፍሬን የማን ኪሳራ ነው? ከጭሮ ቁልቁለት በፊት ነጋዴው ሊያውቀው የሚገባ ሒሳብ

ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) የመተላለፊያ ገበያ ናት። የገለምሶና የበዴሳ ቡናና ጫት፣ እንዲሁም የሂርና ምርት ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ በእርሷ በኩል ያልፋል። ይህን ጭነት ከሚያመላልሱት መካከል ዕድሜያቸው የገፋ አይሱዙዎችና መሰል መለስተኛ የጭነት መኪኖች ጥቂት አይደሉም።

ጭነት ያለው ነጋዴም ሆነ መኪና የሚያገናኘው ደላላ ዘወትር የሚጠይቁት ሁለት ጥያቄ ነው፤ ኪራዩ ስንት ነው? መቼ ይደርሳል? «ፍሬኑ እንዴት ነው?» የሚለውን ሦስተኛ ጥያቄ ግን ለሾፌሩ ይተዉታል። በዚህ ዕትም ይህ ጥያቄ ከነጋዴው ኪስ ጋር ያለውን ግንኙነት እንመለከታለን።

ቁልቁለቱ በቁጥር

ጭሮ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ የምትገኘው ሚኤሶ ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከነጭነቱ 7 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን 500 ሜትር ሲወርድ ወደ 34 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ጉልበት ይለቃል። ይህም 100 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ማለት ነው። ከፊሉን በከባድ ማርሽ የገባ ሞተር ይይዘዋል፤ ከፊሉን ነፋስና ጎማ ይወስዱታል፤ የቀረው ሁሉ የሚያርፈው በፍሬኑ ላይ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ የሚወርድ ሾፌር የሞተሩን ድርሻ ጭምር ለፍሬኑ አሸከመው ማለት ነው።

ፍሬኑ እንዴት ይሠራል?

የአብዛኞቹ መለስተኛ የጭነት መኪኖች ፍሬን በዘይት የሚሠራ ነው። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ማስተሩ ዘይቱን በቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ወደ ጎማዎቹ ይገፋል፤ እዚያ ያለው ሲሊንደር ደግሞ የፍሬን ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቀዋል። በኃይል ሲረገጥ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከ70 ባር ሊያልፍ ይችላል። የእነዚህ መኪኖች ጎማ የሚነፋው በ6 ወይም 7 ባር ገደማ ስለሆነ የፍሬኑ ግፊት አሥር እጥፍ ነው። በመሆኑም መኪናው ቆሞ ሳለ ጠብታ ብቻ የሚያሳይ ቀዳዳ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ይረጨዋል።

ብዙ መኪኖች ሁለት የተለያዩ መስመሮች ስላሏቸው አንዱ ቢፈስ ሌላው ይሠራል። ይሁን እንጂ መኪናው ለመቆም የሚፈልገው ርቀት በእጅጉ ይረዝማል።

ከመጫን በፊት የአምስት ደቂቃ ምርመራ

አንደኛ፣ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን ይመልከቱ። ሸራ ሲያልቅ ዘይቱ በጥቂቱ መውረዱ ያለ ነው፤ ትናንት ተሞልቶ ዛሬ የጎደለ ከሆነ ግን የሚፈስበት ቦታ አለ።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ተነሥቶ ሾፌሩ ፔዳሉን ለአንድ ደቂቃ አጥብቆ ይርገጥ። ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠ ወይ መስመሩ ይፈሳል፣ ወይ ማስተሩ ውስጡ አልቋል።

ሦስተኛ፣ ረዳቱ ከሥር ገብቶ የጎማዎቹን የውስጥ ገጽታ፣ ቱቦው በሻንሲው ላይ የታሰረባቸውን ቦታዎችና ወደ ጎማ የሚያልፉትን የጎማ ቱቦዎች ይመልከት። ጭቃ የሚያዝባቸው ማሰሪያዎች ሥር ዝገት ቀድሞ ይጀምራል።

ተሳቢ የሚጎትቱ ከባድ መኪኖች ፍሬናቸው በአየር የሚሠራ ስለሆነ ምልክቱ ሌላ ነው፤ ሞተር ጠፍቶ የሚሰማ የአየር ፉጨትና የሚወርድ የግፊት መለኪያ።

ትክክለኛው ጥገና

የዛገ ቱቦ አይለጠፍም፤ ከመጋጠሚያ እስከ መጋጠሚያ ይለወጣል። አዲሱ ለፍሬን ተብሎ የተሠራ የብረት ወይም የመዳብና ኒኬል ቅይጥ ቱቦ ሆኖ ውፍረቱ ከቀድሞው ጋር እኩል መሆን አለበት። ጫፉ በመሣሪያ ሲከፈት ቅርጹ መጋጠሚያው ከሚፈልገው ጋር ካልገጠመ ይፈሳል። ከዚያም በክዳኑ ላይ የተጻፈው ዓይነት ዘይት (ዶት 3 ወይም ዶት 4) ተሞልቶ በመስመሩ የገባው አየር ከየጎማው ይወጣል። ዘይት የነካው ሸራም ይለወጣል። በመጨረሻ መኪናው ባዶውን በሜዳ ላይ ይሞከራል።

ከዚህ በተቃራኒ በመንገድ ላይ የሚደረጉ «መላዎች» አሉ። የሚፈሰውን መስመር አጥፎ መድፈን አንዱ ነው፤ የአንድ ጎማ ፍሬን ሲዘጋ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ የቀሩት ጎማዎችም ከመጠን በላይ ይግላሉ። የነዳጅ ላስቲክ በፋሻ ብረት ማሰር ሌላው ነው፤ ያ ላስቲክ ለዚህ ግፊት አልተሠራም። የሞተር ዘይት መጨመር ደግሞ በመላው መስመር ያሉትን ጎሚኒዎች አሳብጦ የአንድ ቱቦን ወጪ የሙሉ ፍሬን ወጪ ያደርገዋል። አሮጌ የፍሬን ዘይትም ቢሆን ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ የሚቆይ ሲሆን፣ እርጥበት ሲገባው መጠኑ ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል።

የማን ወጪ? የማን ኪሳራ?

የችግሩ ሥር የኢኮኖሚ ጥያቄ ነው። የጥገናውን ወጪ የሚከፍለው ባለመኪናው ነው፤ በጉዞ የሚከፈለው ሾፌር ደግሞ በጋራዥ የዋለበት ቀን ገቢ የለውም፤ ጫት የጫነው ነጋዴም ዕቃው በአንድና በሁለት ቀን ዋጋው ስለሚወድቅ «ቶሎ ድረስ» ይላል። ሦስቱም ለመሄድ ምክንያት አላቸው፤ ለመቆም የሚከፈለው ግን የለም።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። አንድ ቀን መዋል የሚያስከትለው ኪሳራ 1 ቢሆንና የመኪናውና የጭነቱ ዋጋ በአንድነት 200 ቢሆን፣ ከ200 ጉዞ አንዱ ብቻ ገደል ቢገባ የተቆጠበው ሁሉ ይጠፋል። የሰው ሕይወት በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም፤ ዋጋም አይወጣለትም።

መድን አለኝ ብሎ መተማመንም አያዋጣም። በሕግ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የሚሸፍነው በሌላ ሰው ላይ የደረሰን ጉዳት እንጂ የተጫነውን ቡና ወይም ጫት አይደለም። ጭነቱ የራሱ መድን ያስፈልገዋል።

በመሆኑም ነጋዴው በኪራይ ውሉ ላይ ሁለት ነጥብ ቢያስገባ ይበጃል፤ ምርመራው ከመጫን በፊት እንዲደረግ፣ ብልሽት ከተገኘም የመዘግየቱ ወጪ በማን ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ እንዲወሰን። ደላላውም ቢሆን የሚያገናኘውን መኪና ከሥር ማስፈተሹ ደንበኛን የማቆያ መንገድ ነው። ጫት ሊጭን የተዘጋጀ ነጋዴ ምርመራውን ከማለዳው ጭነት በፊት፣ ከዋዜማው ቢያስደርግ ቱቦ ለማስለወጥ ጊዜ ይኖረዋል፤ ጭነት ከተጫነ በኋላ የተገኘ ጠብታ ግን ሁልጊዜ «እስከ ሚኤሶ ያደርሰናል» ይባልለታል።