ካሴት ለተረከበው ልጄ

ልጄ፣ የበደሳ የኪነት ቡድን የድሮ ካሴቶችና የፊልም ጥቅልሎች በአንተ እጅ መግባታቸውን ስሰማ ደስ አለኝ። ልብህ ለሥራ እንደማይለግም አውቃለሁ። ግን ችኩል ነህ፤ የሚከብድህን ደግሞ «ነገ» ትለዋለህ። ከቪዲዮ ቤት ዘመን ጀምሮ ካሴት ሳገላብጥ ያረጀሁ ነኝና፣ የምልህን አትናቅ።

1. ከመንካትህ በፊት ቁጠር፤ መዝግብ። ደህና ጠንካራ መዝገብ ግዛና ለእያንዳንዱ ካሴት ቁጥር ስጠው። ቁጥሩን በሣጥኑም በካሴቱም ላይ ጻፍ፤ ሣጥን ይለዋወጣልና። «አይቼ እመልሳለሁ» ብሎ ወስዶ የሚቀር ወዳጅ አይጠፋም። ያልተመዘገበ ዕቃ ደግሞ ሲጠፋ እንኳ መጥፋቱን የሚያውቅለት የለም።

2. ማን፣ የት፣ መቼ እንደሆነ ጻፍ። «92» ብቻ ተብሎ የተጻፈበት ካሴት ታገኛለህ። ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ.? ልዩነቱ ሰባት ስምንት ዓመት ነው። በእኛ አካባቢ ይህ ቀላል ስህተት አይደለም፤ በኦዳ ቡልቱም የኢቱ ኦሮሞ የገዳ ሥልጣን የሚሸጋገረው በየስምንት ዓመቱ ነውና፣ አንድ ሙሉ የገዳ ዘመን ታዛባለህ። በአፋን ኦሮሞ የተዘፈነውን ቋንቋውን ጠንቅቆ በሚያውቅ ሰው አስጽፍ። በምስሉ ያሉትን ሰዎች የሚያውቁ ሽማግሌዎችና እናቶች በሕይወት ሳሉ አጠገብህ አስቀምጠህ ጠይቅ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

3. ካሴት አንስተህ በቀጥታ ዴክ ውስጥ አትክተት። መጀመሪያ ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጭነህ የፊት ክዳኑን አንሣና ቴፑን በብርሃን እየው። በካሴቱ መስኮት በኩል በጥቅልሉ ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካየህ ሻጋታ ነው፤ ለብቻው አግልለው። አንድ የሻገተ ካሴት የዴኩን ማንበቢያ (ሄድ) ያበላሻል፤ ከዚያ ዴኩ ቀጥሎ የገባውን ሁሉ ይበክላል። የፊልም ጥቅልል ቆርቆሮ ከፍተህ የአቼቶ ሽታ ከመታህም ፊልሙ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። ከጤነኞቹ ለየው፤ የሚወጣው ጋዝ የጎረቤቱንም ጥፋት ያፋጥናልና።

4. ከሙቀትና ከእርጥበት አርቅ። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቆጥ በበጋ ይግላል፣ በክረምት ይረጥባል። ከቡና ጆንያ ጎን ማኖርም አይሆንም፤ አቧራውም እርጥበቱም ይጎዳል። ግድግዳው የማያልብ ክፍል ፈልግ፤ ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ካሴቶቹን አቁመህ ደርድር። ስፒከር አጠገባቸው አታስቀምጥ፤ ማግኔቱ ምስሉን ሊያጠፋው ይችላል።

5. በተቀዳ ካሴት ላይ አትቅዳ። ከካሴቱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ስበራት፤ ከዚያ በኋላ በስህተት እንኳ አይቀዳበትም። ይህ የድሀ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስልህ። ሰው በ1969 እ.ኤ.አ. ጨረቃ ላይ ሲወርድ የተቀዳባቸው ዋና ቴፖች ናሳ ራሱ ሌላ ነገር ቀድቶባቸው እንደጠፉ በ2009 እ.ኤ.አ. ተናግሯል። ባዶ ካሴት ሁልጊዜ ይገዛል፤ ያለፈ ቀን ግን አይገዛም።

6. ዋናውን አትቁረጥ። ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ በ1973 እ.ኤ.አ. የወሎን ረሃብ የቀረጸበትን ፊልም አስታውስ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያሳየው ያንን ረሃብ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እያፈራረቀ ነበር፤ በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ያው ምስል በሌላ መቀስ ሲቆረጥ ሌላ ነገር ይናገራል። ስለዚህ ማሳመር ከፈለግህ ግልባጩን ቁረጥ፤ ያልተቆረጠው ግን ለሚቀጥለው ዳኛ ይቆይ።

7. ቶሎ ገልብጥ፤ በአንድ ግልባጭም አትተማመን። የቪኤችኤስ ዴክ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ መመረት አቁሟል፤ ስለዚህ የሚሠራ ዴክ ካገኘህ እንደ ካሴቱ ጠብቀው። ዩኔስኮም በ2019 እ.ኤ.አ. የቴፕ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ፣ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ያልተገለበጠ ቴፕ ብዙው እንደሚጠፋ ተናግሮ ነበር። ያ ዓመት አልፏል። የአገራችን ካሴት የምስል ሥርዓቱ ፓል ነው፤ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ግን ኤንቲኤስሲ ሊሆን ይችላልና ሁለቱንም የሚያጫውት ዴክ ፈልግ። ሦስት ቅጂ ይኑርህ፤ ሁለቱ በተለያየ ዕቃ ላይ፣ አንዱም ጭሮ ወይም አዲስ አበባ ባለ ታማኝ ሰው ዘንድ። በዓመት አንድ ጊዜ እየከፈትክ ፈትሻቸው። ፍላሽ ማመላለሻ እንጂ ማከማቻ አይደለም። ቴሌግራም ላይ በቪዲዮ መልክ የላክኸውም ጥራቱ ተቀንሶ ነው የሚደርሰው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም።

8. ከማሳየትህ በፊት አስፈቅድ። በሠርግ ቪዲዮ ውስጥ የምትስቀው ሙሽራ ዛሬ የልጅ ልጅ ያየች እናት ናት፤ በለቅሶ ውስጥ ፊቷን የነጨችው ደግሞ የሰው እኅት ናት። ሁሉን ጠብቅ፤ ሁሉን ግን አደባባይ አታውጣ። ባለቤቱን ስታከብር ሰው በየቤቱ የደበቀውን ካሴት ራሱ ያመጣልሃል። አንዴ ከታማህ ግን በር ሁሉ ይዘጋብሃል።

9. የጠበቅኸው ነገር ዋጋው የሚታየው በኋላ ነው። ኃይሌ ገሪማ በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ሳንኮፋ» ፊልም በ2021 እ.ኤ.አ. በ4ኬ ታድሶ፣ ያኔ ያልተወለደ ትውልድ በኔትፍሊክስ አየው። ተጠብቆ ባይቆይ ኖሮ የሚታደስ ነገር ከየት ይመጣ ነበር? የአንተም ካሴት የበደሳ ልጆች አያቶቻቸውን የሚያዩበት ብቸኛ መንገድ ሊሆን ይችላል።

ልጄ፣ ገንዘብ የለም፣ ኮምፒውተር የለም አትበለኝ። መቁጠርና መጻፍ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ካሴቱን ከመሬት ማንሳትም እንዲሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ዛሬውኑ መዝገቡን ግዛና ከመጀመሪያው ካሴት ጀምር።