ከስልክ ወደ ኮምፒውተር፦ የቀድሞዋን ፒያሳ ፎቶግራፎች ከነመረጃቸው ለማዛወር የሚያጋጥሙ የግንኙነት ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ በአራዳና በፒያሳ በዘመናዊ ስልክ የተነሡ ፎቶግራፎች ወደ ኮምፒውተር ሲዛወሩ የሚያጋጥሙ የግንኙነት ችግሮችን ይመረምራል። በኬብል የሚደረገው ዝውውር ሲሰናከል ምስሉን በመልእክት መላኪያ መተግበሪያ መላክ የተለመደ አማራጭ ነው። ይህ አማራጭ ግን ፎቶግራፉን ለጥናት ማስረጃ የሚያበቃውን መረጃ ያሳጣል። ስለዚህ የኬብሉን ችግር መፍታት የማስረጃ አጠባበቅ አካል ሆኖ ሊታይ እንደሚገባ ጽሑፉ ያስረዳል።

ቁልፍ ቃላት፦ ፒያሳ፣ ዘመናዊ ስልክ፣ ዩኤስቢ፣ የምስል መረጃ፣ ቅርስ ጥበቃ

1. መግቢያ

በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ በነበረው ገበያ የታወቀው አራዳ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን «ፒያሳ» የሚለውን መጠሪያ ያገኘውን ሰፈር ያቀፈ የአዲስ አበባ ነባር እምብርት ነው። በ2016 ዓ.ም. በተካሄደው የኮሪደር ልማት ሥራ ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ የአካባቢው ሰፈሮች ፈርሰዋል። ቤቱና መንገዱ ከቦታው ከተነሣ በኋላ አጥኚው በመስክ ተገኝቶ ሊለካውም ሆነ ሊያመሳክረው አይችልም። በመሆኑም ነዋሪው፣ ነጋዴውና መንገደኛው በስልካቸው ያስቀሩት ምስል ከፍ ያለ የማስረጃነት ዋጋ አለው። ይህ ማስረጃ ሊጠፋ፣ ሊሰበር ወይም ሊሸጥ በሚችል ዕቃ ውስጥ መገኘቱ ጉዳዩን አጣዳፊ ያደርገዋል።

2. ፎቶግራፉ የሚሸከመው መረጃ

ስልክ ፎቶግራፍ ሲያነሣ ኤግዚፍ በተሰኘው ሥርዓት የተነሣበትን ቀንና ሰዓት፣ የስልኩን ዓይነት፣ የቦታ መጠቆሚያው ክፍት ከሆነም ኬክሮስና ኬንትሮሱን በፋይሉ ውስጥ ይመዘግባል። በምስሉ ላይ የሚታየው የቤት ጥግ ዛሬ በመሬት ላይ ከሌለ፣ ምስሉን ከቦታው ጋር የሚያያይዘው ይኸው የተመዘገበ መጠቆሚያ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ቴሌግራምና ዋትስአፕ ምስልን በተለመደው መንገድ ሲልኩ ያሳንሱታል፤ የኤግዚፍ መረጃውንም ያስወግዳሉ። ለምሳሌ 4000 በ3000 ነጥብ የሆነ ምስል ወደ 1280 በ960 ቢወርድ፣ ከ12 ሚሊዮን ነጥቦች የሚቀሩት 1.2 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። በሩቅ የሚታይ የሱቅ ጽሑፍ ወይም የበረንዳ ጌጥ የሚጠፋው በዚህ ጊዜ ነው። በመተግበሪያ መላክ ግድ ከሆነ «እንደ ፋይል» የሚለውን አማራጭ መጠቀም ጉዳቱን ይቀንሳል።

ቀኑን ሲያነቡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኤግዚፍ የሚጽፈው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ስለሆነ የካቲት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. የተነሣ ምስል 2024:03:09 ተብሎ ይመዘገባል። ባለቤቱ የስልኩን ሰዓት በአገርኛው አቆጣጠር ሞልቶት ከነበረም የስድስት ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል፤ ስለዚህ ባለቤቱን መጠየቅ ይገባል።

3. የግንኙነቱ ሥርዓት

ቀደምት የአንድሮይድ ስልኮች ማከማቻቸውን እንደ ፍላሽ ዲስክ ለኮምፒውተሩ ያስረክቡ ነበር። በኋላ የመጣው ኤምቲፒ የተባለ ሥርዓት ግን ማከማቻውን በስልኩ ቁጥጥር ሥር አቆይቶ፣ ኮምፒውተሩ የጠየቀውን ፋይል አንድ በአንድ ያቀብላል። የብዙ ምስሎች ዝውውር የሚዘገየውና አንዳንዴም በመሐል የሚቋረጠው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ከዝውውሩ በኋላ የፋይሉ የውጭ ቀን ወደ ተቀዳበት ዕለት ሊለወጥ ይችላል፤ በውስጡ ያለው የኤግዚፍ ቀን ግን አይለወጥም። አጥኚው ሊመረኮዝ የሚገባው በኋለኛው ነው።

4. ችግሮችንና መንሥኤዎቻቸውን መለየት

ፍተሻው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ቢሄድ ጊዜ ይቆጥባል።

ሀ) ኬብልና መሰኪያ። የዩኤስቢ 2.0 ኬብል ለኃይል ሁለት፣ ለመረጃ ሁለት ሽቦዎች አሉት። ለቻርጅ ብቻ የተሠሩ ኬብሎች የመረጃዎቹ ሽቦዎች የሏቸውም። ስልኩ ቻርጅ እያደረገ ኮምፒውተሩ ካላወቀው፣ መረጃ ማስተላለፉ በሌላ ስልክ በተረጋገጠ ኬብል መሞከር ይገባል። በስልኩ መሰኪያ ውስጥ የተጠራቀመ የኪስ ብናኝም ግንኙነቱን ያላላል፤ ስልኩን አጥፍቶ በስቴኪኒ በቀስታ ማውጣት ይቻላል። በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ከፊተኛው ይልቅ የኋለኛውን መሰኪያ መሞከር ይመረጣል።

ለ) የስልኩ ምርጫ። ከአንድሮይድ 6 ወዲህ ስልኩ ሲሰካ በራሱ የሚመርጠው ቻርጅ ማድረግን ብቻ ነው። ስለዚህ ቁልፉን ከፍቶ፣ ከላይ በሚመጣው ማሳሰቢያ ላይ «ፋይል ማስተላለፍ» የሚለውን መምረጥ ያሻል። አይፎን ላይ ኮምፒውተሩን ማመን አለማመን ለሚጠይቀው መልእክት አዎንታዊ መልስ ይሰጣል።

ሐ) ኮምፒውተሩ። በዊንዶውስ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ስልኩ በቢጫ ምልክት ከታየ ድራይቨሩን አጥፍቶ እንደገና መሰካት ብዙ ጊዜ ይረዳል። «ኤን» በሚል ፊደል የሚለዩት የዊንዶውስ እትሞች ሚዲያ ፊቸር ፓክ ካልተጫነላቸው ኤምቲፒን አያስተናግዱም።

መ) የአይፎን ምስሎች። ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ አይፎኖች ምስል የሚያስቀምጡት ሄይክ በተባለ ቅርጽ ነው። ስልኩ በዝውውሩ መሐል ወደ ጄፔግ ለመለወጥ ሲሞክር ግንኙነቱ ሊቋረጥ ይችላል። በፎቶ ማስተካከያው ውስጥ ኦሪጅናሉን የሚያስጠብቀውን አማራጭ መምረጥ መቆራረጡን ያስቀራል፤ ያልተለወጠውን ፋይልም ያስገኛል።

ሠ) ስክሪኑ የተጎዳ ስልክ። ንክኪው ባይሠራም ምስሉ የሚታይ ከሆነና ስልኩ ከተቀበለ፣ በኦቲጂ ማገናኛ ማውስ ሰክቶ ቁልፉን መክፈት ይቻላል። መሰኪያው አንድ በሆነ ስልክ ግን ማውስና ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ስለማይሰኩ፣ ምስሎቹን በብሉቱዝ ወይም በዋይፋይ መላክ ያስፈልጋል።

5. ማረጋገጥ

ፋይሎቹ «ከት» ሳይሆን «ኮፒ» ሊደረጉ ይገባል፤ መብራት ቢጠፋ ወይም ኬብሉ ቢነቀል ዋናው በስልኩ ላይ ይቆያልና። በትንንሽ ክፍል ከፋፍሎ መቅዳትም መቋረጥ ያደረሰውን ጉድለት ለይቶ ለማወቅ ይረዳል። በመጨረሻ የፋይሎቹ ብዛትና መጠን በሁለቱም ወገን ይነጻጸራል፤ ጥቂት ምስሎችም ተከፍተው የኤግዚፍ መረጃቸው መኖሩ ይታያል። ከስልኩ ላይ መሰረዝ የሚቻለው ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

6. ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘሩት ችግሮች አብዛኞቹ ልዩ መሣሪያ ሳያስፈልግ በተቀየረ ኬብል ወይም በአንድ የስልክ ምርጫ ይፈታሉ። ከፈረሱ ሰፈሮች ነዋሪዎች ምስል የሚያሰባስብ ተመራማሪ «በቴሌግራም ላኩልኝ» ከማለት ይልቅ የተፈተነ ኬብል ይዞ ቢሄድ የተሻለ ማስረጃ ያገኛል። የትምህርት ክፍሎችም ይህን አሠራር ከመስክ ጥናት ዝግጅት ጋር ቢያስተምሩት፣ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ያላቸው ምስሎች ለቀጣይ አጥኚዎች ይተርፋሉ።