ስኳር በሽታ ያለባትን ድመት ከመጠለያ ለመውሰድ

ሜሪላንድ ደርዉድ ባለው የሞንትጎመሪ ካውንቲ የእንስሳት መጠለያም ሆነ በቨርጂኒያው የአሌክሳንድሪያ መጠለያ፣ ግልገል ድመት ለማግኘት የሚጠይቀው ሰው ብዙ ነው። ዕድሜዋ የገፋ፣ ወፈር ያለች፣ ወረቀቷ ላይ «ስኳር በሽታ» የተጻፈባት ድመት ጋ ሲደረስ ግን አብዛኛው ሰው አንብቦ ያልፋል። መርፌው ያስፈራዋል። እውነቱን ለመናገር መርፌው ከሁሉም ቀላሉ ነገር ነው። የሚከብደው በየ12 ሰዓቱ፣ ዓመት በዓልም ይሁን የሥራ ቀን፣ አንድ ሰው ቤት መገኘቱ ነው። እንዲህ ያለች ድመት ለመውሰድ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የቤቱን ሰዓት ይመርምር።

ከመፈረምዎ በፊት

የሳምንቱን ፕሮግራም ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ጠዋት ማን አለ? ማታስ? የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ፣ ኡበር የሚነዳ፣ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ሊያሳድጋት አይችልም ማለት አይደለም። ሁለተኛ ሰው ግን ያስፈልገዋል። አንድ ሰዓት ወዲህ ወዲያ ቢል ብዙ ችግር የለውም፤ በየሁለት ቀኑ አራትና አምስት ሰዓት የሚንሸራተት ከሆነ ግን ስኳሯ አይያዝም።

የቤት ኪራይ ውልዎን ያንብቡ። እንስሳ የማይፈቅድ፣ ወይም በየወሩ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቅ አከራይ ብዙ ነው። የእንስሳት ኢንሹራንስ ደግሞ ቀድሞ የነበረ በሽታን በአብዛኛው አይሸፍንም፤ የስኳሯን ወጪ እርስዎ እንደሚችሉት አድርገው ያስሉ። ወጪው ኢንሱሊን፣ ሲሪንጅ፣ የስኳር መለኪያና ስትሪፕ፣ የቆርቆሮ ምግብ እና የሐኪም ቀጠሮ ነው። የሰው ኢንሱሊን የሆነው ላንተስ ለድመትም ይታዘዛል። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ በአሜሪካ የዝርዝር ዋጋው በ78 በመቶ ስለቀነሰ፣ ሐኪሙ ካዘዘው ከሰው ፋርማሲ መግዛት ያዋጣ እንደሆነ ይጠይቁ።

መጠለያው ውስጥ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሽታው መቼ ታወቀ? የትኛውን ኢንሱሊን፣ ስንት ዩኒት ትወስዳለች? ክብደቷ እየጨመረ ነው እየቀነሰ? ጥርሷና ሽንቷ ተመርምሯል? የጥርስ ወይም የሽንት ኢንፌክሽን ኢንሱሊኑ በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል። ቀደም ብላ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ ስትወስድ ከነበረም መታወቅ አለበት፤ ስኳሩን ያመጣው መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒቱ ሲቆም የሚሻላትም አለች።

አንዲት ቁጥር ብቻ አይተው አይደንግጡ። ጤነኛ ድመት እንኳ በፍርሃት ብቻ ስኳሯ ከ300 ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የአንድ ቀን ልኬት ሳይሆን የፍሩክቶሳሚን ምርመራ ውጤት ካለ ይጠይቁ፤ ያለፉትን አንድ ሁለት ሳምንታት አማካይ ያሳያል። ስትራመድም ይመልከቷት። የኋላ እግሯ ተረከዝ መሬት የሚነካ ከሆነ ስኳሩ ነርቭ ጎድቷል ማለት ነው፤ ስኳሯ ሲስተካከል ብዙ ጊዜ ቀስ እያለ ይሻሻላል።

ከመውጣትዎ በፊት ሠራተኛው ፊት አንድ መርፌ እርስዎ ራስዎ ይውጓት። ይህን ሳያደርጉ አይሂዱ። የምትበላውን ምግብም ለጥቂት ቀን የሚሆን ይጠይቁ፤ አዲስ ቤትና አዲስ ምግብ በአንድ ቀን ሲመጣባት እምቢ ልትል ትችላለች።

ኢንሱሊኑና ሲሪንጁ

እዚህ ላይ ረጋ ብለው ያንብቡ፤ ድመት የሚገድል ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። ለእንስሳት የተሠሩት ፕሮዚንክና ቬትሰሊን በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት አላቸው፤ ዩ 40 ይባላሉ። ላንተስና ሌሎች የተለመዱ የሰው ኢንሱሊኖች 100 ዩኒት አላቸው፤ ዩ 100። ለእያንዳንዱ የራሱ ሲሪንጅ አለው። የዩ 40 ሲሪንጅ ብዙ ጊዜ ቀይ ክዳን፣ የዩ 100 ብርቱካናማ ክዳን አለው፤ ቢሆንም ክዳኑን ሳይሆን ጽሑፉን ይመኑ። ዩ 100 ኢንሱሊን በዩ 40 ሲሪንጅ ከተቀዳ፣ ሁለት ዩኒት ሰጠሁ ያሉት አምስት ይሆናል። በተገላቢጦሽ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ አንድ እንኳ አይሞላም።

በእኛ ቤት የባሰ አደጋ የሚሆነው ፍሪጁ ነው። እናት ወይም አባት ራሳቸው ስኳር ታማሚ የሆኑበት ቤት ብዙ ነው፤ የእሳቸው ብልቃጥና የድመቷ ብልቃጥ በአንድ በር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ይለዩት። የድመቷን ኢንሱሊን ከነሲሪንጁ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ አድርገው ላዩ ላይ በትልቁ «የድመት» ብለው ይጻፉበት፤ ሌላ መደርደሪያ ላይም ያስቀምጡት። በረዶ የሚሠራበት ክፍል አጠገብ አይሁን፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ይጣላል። ከመቅዳት በፊት ይናጥ ወይስ በመዳፍ ይንከባለል የሚለው እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ የብልቃጡን መመሪያ ይከተሉ።

የየትኛው ሰዓት?

የሐኪሙ ወረቀት «ጠዋት 7፣ ማታ 7» ይላል። በእኛ አንድ ሰዓት መሆኑ ነው። ልጅ ወደ ሥራ እየሮጠች «እማዬ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ውጊልኝ» ብትል፣ በቅርብ ከአገር ቤት የመጡት እናት ከቀትር በኋላ ይወጓታል፤ የጠዋቱ ኢንሱሊን ገና እየሠራ ሳለ ሌላ ይደረብበታል። ስለዚህ በቁጥር ሳይሆን ከታወቀ ነገር ጋር ያያይዙት፤ ጠዋት ቡና ሲጣድ፣ ማታ የእራት ሰዓት።

ፍሪጁ በር ላይ ደግሞ አንድ ወረቀት ይለጠፍ። ቀን፣ ስንት ዩኒት፣ ማን እንደወጋ፣ በልታ እንደሆነ። የወጋ ሰው ወዲያው ይጽፋል። ካልተጻፈ አልተወጋም ብሎ መድገም ግን አይፈቀድም፤ መጀመሪያ ስልክ ይደወላል። ጥርጣሬ ካለ መርፌው ይቅር። አንድ መርፌ ያመለጣት ድመት እስከሚቀጥለው ትቆያለች፤ እጥፍ የተወጋችው ግን ላትቆይ ትችላለች።

አወጋጉ

መጀመሪያ ምግቧን ያቅርቡ። መብላት ስትጀምር ጎኗ ላይ ያለውን ልል ቆዳ በሁለት ጣት ብድግ ያድርጉት፤ ትንሽ ድንኳን ይሆናል። መርፌውን ከድንኳኑ ሥር አስገብተው ይግፉ፣ ያውጡ። መርፌው ቀጭን ስለሆነ ብዙዎቹ ከሳህኑ ቀና እንኳ አይሉም። ከዚያ ፀጉሯን በጣትዎ ይዳስሱ። እርጥብ ከሆነና ጣትዎ ሆስፒታል ሆስፒታል ከሸተተ፣ መርፌው በሌላ በኩል ወጥቶ ኢንሱሊኑ ፀጉሯ ላይ ፈሷል። ስንቱ እንደገባ አይታወቅምና አይድገሙት። ወረቀቱ ላይ ጽፈው የሚቀጥለውን ሰዓት ይጠብቁ።

ያገለገለውን ሲሪንጅ ወፍራም የሳሙና ፕላስቲክ ውስጥ ያጠራቅሙ፤ ሲሞላ የት እንደሚጣል ካውንቲውን ይጠይቁ።

ምግብ፣ ሽንኩርትና ጾም

ድመት ሥጋ በል ናት፤ ደረቁ ምግብ ግን ስታርች ይበዛበታል። ለስኳር ታማሚዋ ድመት የሚመረጠው ከካሎሪው ውስጥ የካርቦሃይድሬቱ ድርሻ ከ12 በመቶ ገደማ የማይበልጥ የቆርቆሮ ምግብ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ ምግቡን ሲቀይሩ ስኳሯ በፍጥነት ሊወርድ ስለሚችል የቀድሞው የኢንሱሊን መጠን ይበዛባታል። ለሐኪሙ ሳይነግሩ ምግብ አይቀይሩ።

ከገበታ ወጥ አይስጧት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ያለ ሽንኩርት የሚሠራ ወጥ ደግሞ ስንት ነው? ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳምና ድስቱን ይክደኑ። ታይሌኖልም አንዲት ፍሬ ልትገድላት ትችላለች፤ አሟት መስሎዎት እንዳይሰጧት።

በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ የማይገባበት ቤት አለ። ድመቷ አትጾምም፤ የቆርቆሮ ክምችቷን ከጾሙ በፊት ገዝተው፣ የራሷን ማንኪያ ለይተው ያስቀምጡ። ወፍራም ድመት ሁለት ሦስት ቀን ምንም ካልበላች ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ሌላ ከባድ በሽታ ያመጣል። ለፋሲካ ዋዜማ ቤተ ክርስቲያን የምታድሩ ከሆነ የማታውን መርፌ ሰጥታችሁ ውጡ፤ ከሌሊቱ በኋላ ስትመለሱ ለጠዋቱ ትደርሳላችሁ።

ስኳሯ ሲወርድ

ከሁሉ በፊት የሚማሩት ይህን ነው። ከተንገዳገደች፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም ከደነዘዘች ስኳሯ ወርዷል። መለኪያ ካለዎት ከጆሮዋ ጫፍ ደም ወስደው ይለኩ፤ ከ60 በታች ከሆነ አደጋ ነው። የሰው መለኪያ የድመትን ስኳር ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ ለእንስሳት የተሠራውን ይምረጡ። መብላት ከቻለች ወዲያው ያብሏት። ካልቻለች ማር በጣትዎ ድዷን ይቀቡት፤ ጉሮሮዋ ውስጥ ግን አያፍስሱ፣ ታንቃለች። ከዚያ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ የእንስሳት ሕክምና ይሂዱ። ሻል ቢላትም ይሂዱ፤ ማሩ አልቆ ኢንሱሊኑ ሊቀር ይችላል።

የመርፌ ሰዓት ደርሶ ካልበላች ደግሞ ሳይወጉ ሐኪም ጋ ይደውሉ። ማስመለስና መድከም ከተጨመረበት እስከ ነገ አያቆዩት፤ ኬቶአሲዶሲስ የሚባለው አደገኛ የስኳር በሽታ መዘዝ ሊሆን ይችላል።

ስለ ኪኒኑ

በታኅሣሥ 2022 ቤክሳካት የተባለ ኪኒን፣ በ2023 ደግሞ ሴንቬልጎ የተባለ በአፍ የሚሰጥ ፈሳሽ በአሜሪካ ለድመት ተፈቅደዋል። ሁለቱም የተፈቀዱት ኢንሱሊን ጀምራ ለማታውቅ፣ ከስኳሩ በስተቀር ደህና ለሆነች ድመት ነው። ከመጠለያ የሚወስዷት ኢንሱሊን ጀምራ ከሆነ ይህ መንገድ የእሷ አይደለም።

ወደ አገር ቤት ሲሄዱ

አንድ ወር አዲስ አበባ ለመቆየት ትኬት የሚቆርጥ ሰው ከትኬቱ በፊት የሚወጋለትን ሰው ያግኝ። ጎረቤት ከሆነ ከመሄድዎ በፊት ጥቂት ቀን አብሮዎት ይውጋ፤ ካልተገኘ ሐኪም ያለበት የእንስሳት ማቆያ ይያዙ። የሐኪሙን ስልክ ለሚወጋው ሰው፣ የካርድዎን ቁጥር ለሐኪሙ ቢሮ ትተው ይሂዱ፤ በረራ ላይ ሆነው ስለ ክፍያ መከራከር አይቻልም።

ቶሎ ከታከመችና ምግቧ ከተስተካከለ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት፣ ኢንሱሊን የማያስፈልጋት ድመት ትኖራለች። ልኬቷ እየወረደ መምጣቱን ካዩ መጠኑን ሐኪሙ ይቀንስ እንጂ እርስዎ አያቁሙ። ካቆመችም በኋላ ወደ ደረቅ ምግብ አይመልሷት፤ ውኃ መጠጣቷንና ክብደቷን እየተከታተሉ፣ መጠጣቱ ከበዛ በዚያው ሳምንት ያስለኳት።