አረንጓዴ ሁሉ ደን አይደለም፦ ለጀማሪዋ የብዝኃ ሕይወት ባለሙያ

ልጄ፣ በዱር እንስሳትና በደን ክትትል ሥራ ልትሰማሪ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። በእኛ ዘመን የሩቅ ማያ መነጽር፣ ኮምፓስ፣ የወረቀት ካርታና ማስታወሻ ደብተር የያዘ ሰው ምንም አልጎደለውም ይባል ነበር። አንቺ የምትወጪው ሳተላይት፣ ድሮን፣ ካሜራ ትራፕና ድምፅ መቅጃ ይዘሽ ነው። አልቀናም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ምክሬን በቁጥር ከፋፍዬልሻለሁ፤ የሚረዝመውም የሚያጥረውም እንደ ጉዳዩ ክብደት ነው።

1. ጥያቄሽን ሳትጽፊ መሣሪያ አትምረጪ። «ዋሊያ ስንት ቀረ?»፣ «ዋሊያ የት የት ይውላል?»፣ «ለምን ቀነሰ?» ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ለመጀመሪያው ቆጠራ ያስፈልጋል። ለሁለተኛው እንስሳው የታየባቸው ቦታዎችና የመኖሪያው ካርታ ይበቃል። ለሦስተኛው ግን በሽታውን፣ ግጦሹንና አደኑን ለይቶ የሚያጠና ሰው ካልተጨመረ ካርታ ብቻውን መልስ አይሰጥም። ተገዝቶ ስለተቀመጠ ብቻ ድሮን የሚያበሩ መሥሪያ ቤቶች አይቻለሁ። በዓመቱ መጨረሻ ያማረ ቪዲዮ ያሳዩሻል፤ ምን ለማወቅ እንደተቀረጸ ብትጠይቂ እርስ በርስ ይተያያሉ።

2. አረንጓዴ ሁሉ ደን አይደለም። በአገራችን ካርታ የሚያበላሽ ከዚህ የበለጠ ነገር አላውቅም። ሳተላይት የሚለካው ከመሬት ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ብርሃን ነው። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይመጥጣል፤ ከቀይ ቀጥሎ ያለውንና ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ደግሞ መልሶ ይረጫል። ከሁለቱ ልዩነት የልምላሜ ልክ ይሰላል። ታዲያ ዝግባ፣ ወይራ፣ ኮሶና ጥቁር እንጨት የሞላበት ነባር ደን ልምላሜው ከፍተኛ ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍም እንዲሁ። ነባሩ ደን ተመንጥሮ ባሕር ዛፍ የተተካበት ወረዳ በልምላሜ ካርታ ላይ «የደን ሽፋኑ አልቀነሰም» ተብሎ ሊወጣ ይችላል። ጉሬዛው ሄዷል፣ ሐረጉ የለም፣ ምንጩ ደክሟል፤ ሪፖርቱ ግን ያማረ ነው።

ሁለቱን የሚለያቸው ጊዜ ነው። ባሕር ዛፍ በየጥቂት ዓመቱ ይቆረጣል፤ ከጉቶውም ያቆጠቁጣል። የዓመታቱን ልምላሜ በተከታታይ ብትስዪው ድንገት ይወድቅና ቶሎ ይነሳል። ነባር ደን እንዲህ አይወድቅም አይነሳም፤ ከወደቀም ቶሎ አይመለስም። ስለዚህ በአንድ ቀን ምስል አትፍረጂ። ምስሉ እንደሆነ በነጻ ይገኛል። የላንድሳት ሳተላይቶች ክምችት እ.ኤ.አ. ከ1972 ይጀምራል፤ ከ2008 ወዲህ ደግሞ ያለክፍያ ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የመጠቁት የሴንቲኔል 2 ሳተላይቶች ጥንድ ሆነው በየ5 ቀኑ ይመለሳሉ። የራሳችን ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1ም በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር መጥቋል። ክረምት ሲገባ ደመናው እንዲህ ያሉትን ሳተላይቶች ስለሚያሳውራቸው፣ ደመናን አልፎ የሚያየውን የሴንቲኔል 1 ራዳር ተጠቀሚ።

መጠኑንም አስቢ። በደቡብ ጎንደር ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ከጥቂት ሄክታር አይበልጡም። የላንድሳት አንድ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው፤ ስለዚህ 5 ሄክታር የሆነ ደን 55 ያህል ነጥብ ብቻ ይይዛል። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ጠርዝ ላይ ያርፋሉ፤ ማለትም ከፊሉ ዛፍ፣ ከፊሉ የጤፍ ማሳ ናቸው። በሴንቲኔል 2 ባለ 10 ሜትር ነጥብ ያው ደን 500 ያህል ነጥብ ይሆናል። «ደኑ በ20 በመቶ ቀነሰ» ከማለትሽ በፊት የቀነሰው ዛፉ ይሁን ወይስ የጠርዙ ነጥቦች አቆጣጠር አጣሪ።

3. የዛፉ አናት ከሥሩ ያለውን አይነግርሽም። ስለ ቤተ ክርስቲያን አፀዶች ካነሳሁ ይህንንም ልጨምር። ተመራማሪዎች ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ከአውሮፕላን ያነሷቸውን ፎቶዎች ከዛሬው የሳተላይት ምስል ጋር ሲያስተያዩ፣ የሰሜኑ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ስፋታቸው ከተገመተው በላይ ጸንቶ መቆየቱን አይተዋል። ጥሩ ዜና ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ግን ከሥር ገብተው ቡቃያውን ቆጠሩ። ከብት በሚገባበት አፀድ ውስጥ ዘሩ ቢበቅልም ቡቃያው በግጦሽና በመረገጥ እንደሚያልቅ አሳዩ። ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነውም፣ ካህናቱና ምእመናኑ በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ አጥር እንዲያጥሩ ደክመዋል። ሳተላይቱ እኮ የሚያየው አባትና አያት የሆኑትን ዛፎች ነው፤ ልጅ እንደሌላቸው አያውቅም። እነዚያ ዛፎች አርጅተው ሲወድቁ ካርታው ቢነግርሽ ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ወደ አፀዱ ግቢ፤ ጫማሽን አውልቂ፤ ከመግባትሽ በፊት ደግሞ ቄሰ ገበዙን አስፈቅጂ። የትኛው ዛፍ መቼ እንደወደቀ፣ ዘር የሚያፈራው የትኛው እንደሆነ እርሳቸው ያውቃሉ።

4. ሰዓትሽንና ዘመንሽን አስተካክዪ። ቀላል ይመስላል፤ በዚህ የተበላሸ መረጃ ግን ብዙ ነው። የፓርኩ ስካውት «ነብር 2 ሰዓት ላይ አለፈ» ብሎ ሲጽፍ ጠዋት ነው ማታ? ካሜራው በፈረንጅ ሰዓት ተሞልቶ ከሆነ ደግሞ 2 ሰዓት ሌሊት ነው። «5/1» መስከረም 5 ነው ወይስ ጃንዋሪ 5? ከሁሉ የከፋው ዓመቱ ነው። 2010 በሁለቱም አቆጣጠር ትክክለኛ ዓመት ስለሚመስል፣ ኮምፒውተሩ ምንም ሳይጠረጥር መረጃሽን ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ይወስደዋል። በቅጹ ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚል ሳጥን ይኑር፤ «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት» የሚልም እንዲሁ።

ቦታውም ከዚህ አይለይም። በ1፡50,000 ልኬት የታተሙት የቆዩ ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ነው፤ የእጅሽ ጂፒኤስ ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84ን ይጠቀማል። ሁለቱን ሳታቀናጂ ካነባበርሻቸው 200 ሜትር ገደማ ይዛነፋሉ። በሜዳ አገር ይህ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። በስሜን ተራሮች ግን 200 ሜትር ማለት አንድን ዋሊያ ከገደሉ አፋፍ አንሥቶ ገደል ውስጥ መክተት ነው።

5. ካሜራ ትራፕ ስትሰቅዪ ዝቅ አድርጊው፤ በጉልበት ልክ ይበቃል። ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ ወይም መግቢያ አታዙሪው። ከፊቱ ያለውን ሣር እጨጂ፤ አለዚያ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ካሜራው እየተቀሰቀሰ ሜሞሪውን በሣር ፎቶ ይሞላዋል። ይህ የእጅ ሥራ ነው፤ ትለምጂዋለሽ።

ከባዱ የሰው ጉዳይ ነው። ካሜራው እንስሳ ከሰው አይለይም። እንጨት ለቅማ የምትመለስ እናት፣ ከብቱን ይዞ ወደማይፈቀድበት የገባ እረኛ ፎቶው ውስጥ ይገኛል። ከመስቀልሽ በፊት ለቀበሌው ሽማግሌዎች ንገሪ፤ የሰው ፎቶ ምን እንደሚደረግ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ በተስማማችሁትም ጽኚ። ካሜራሽ የፖሊስ ዓይን ነው የሚል ወሬ አንዴ ከተነዛ፣ የሚጠፋው ካሜራው ብቻ አይደለም፤ መንገድ የሚያሳይሽም ሰው ታጫለሽ።

6. አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም። አንድ እንስሳ በአንድ ሌሊት ካሜራሽ ፊት የማለፍ ዕድሉ ከ10 አንድ ቢሆን፣ 10 ሌሊት ጠብቀሽም ጨርሶ ሳታዪው የመቅረትሽ ዕድል ከሦስት አንድ ይበልጣል። ስንት ሌሊት እንደጠበቅሽ ያልጻፍሽበት «0» ዋጋ የለውም።

7. ማለፊያ መንገዶችን ከሁሉ አስቀድመሽ በካርታ አስፍሪ። ቀይ ቀበሮን ውሰጂ። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂዎቹ ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚኖሩትም በባሌ ተራሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌው ዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ሲገባ፣ በየቀኑ የሚከታተሏቸው ሰዎች ስለነበሩ ሬሳው ቶሎ ተገኘ። ያኔ ሁሉንም ቀበሮ ለመከተብ ጊዜም አቅምም አልነበረም። ሸለቆውን ከሌሎቹ መንጋዎች በሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎች ላይ ያሉት ቀበሮዎች ተከተቡ፤ በሽታው እንዳይስፋፋም ተገታ። መተላለፊያው የት እንደሆነ ባይታወቅ ኖሮ ክትባቱ የት ይሰጥ ነበር? እስከዛሬም በዚያ ብርድ በፈረስ እየዞሩ ቀበሮዎቹን የሚያዩት የአካባቢው ልጆች ናቸው። ደመወዛቸው ከአንድ ካሜራ ዋጋ ጋር ሲወዳደር ያሳፍረኛል።

መተላለፊያ ድንበርም አያውቅም። የጋምቤላው ነጭ ጆሮ ቆርኬ ከደቡብ ሱዳን ጋር የምንጋራው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዚያ በኩል በአውሮፕላንና በካሜራ በተደረገ ቆጠራ ስድስት ሚሊዮን ገደማ ተጓዥ የአጋዘን ዘሮች እንዳሉ ተገምቷል፤ አብዛኞቹ ይኸው ቆርኬ ናቸው። የኛን ግማሽ ብቻ ይዞ «ቁጥሩ ቀነሰ» ወይም «ጨመረ» ማለት አይቻልም።

8. መኖሪያ ማለት ሰው ያልደረሰበት ቦታ ብቻ አይምሰልሽ። በያቤሎና በሜጋ ዙሪያ ብቻ የሚኖር፣ የቁራ ዘመድ የሆነ ግራጫ ወፍ አለ። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ ያለው ቦታ ለዓይን አንድ ሆኖ ሳለ ለምን እንደማይሄድ ለብዙ ዘመን እንቆቅልሽ ነበር። የአየር ጠባይ መረጃ በካርታ ላይ ሲነበብ ግን ድንበሩ ሙቀት ሆኖ ተገኘ፤ ወፉ የሚኖርበት ምድር ከዙሪያው ቀዝቀዝ ያለ ነው። በዚያ ክልል ውስጥ ደግሞ የሚወደው የቦረና ከብቶች የጋጡትን አጭር ሣርና የሰፈሩን ዳርቻ ነው። «ቦታው ይከለል፣ ከብት ይውጣ» ብለሽ ብትጽፊ ወፉን የምትጎጂው አንቺ ትሆኛለሽ።

9. ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ተጠቀሚ፤ ፈራጅ ግን አታድርጊው። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ሕዝቡ ያነሳውን የግሬቪ የሜዳ አህያ ፎቶ ኮምፒውተር በሽንትሩ እየለየ፣ እያንዳንዱን እንስሳ እንደ ጣት አሻራ ለይቶ ለመቁጠር አስችሏል። (የሜዳ አህያው ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1882 ከኢትዮጵያ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ ከተላከው ነው፤ ዛሬ በብዛት የሚገኘው ግን በኬንያ ነው።) የወፍ ድምፅ የሚለዩትም ፕሮግራሞች ይረዱሻል። ነገር ግን ፕሮግራም የሚያውቀው የተማረውን ብቻ ነው፤ ብዙዎቹም የተማሩት በአውሮፓና በአሜሪካ ድምፅና ፎቶ ነው። የእኛ ብርቅዬ ወፍ ሲዘፍን በሙሉ መተማመን የሌላ አገር ወፍ ስም ይሰጥሻል። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ነውና፣ ባለሙያ ያረጋገጠውን የአገራችንን ድምፅ ቅጂና ሰብስቢ፤ ፕሮግራሙን በዚያ አስተምሪው።

10. ያለ ፈቃድ ድሮን አታብሪ፤ ጎጆ ባለበት ገደል አጠገብ ደግሞ ቢፈቀድልሽም አታብሪ።

11. ጠጉር፣ ኩስ ወይም የሐይቅ ውኃ ወስደሽ ዘረመሉን ልታስመረምሪ ስታስቢ አዋጅ ቁጥር 482/1998ን አንብቢ። ናሙና ወደ ውጭ ከመላኩ በፊት የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል። «ለምርምር ነው» ማለት አያድንም።

12. የብርቅዬ እንስሳ ወይም ዕፅ ትክክለኛ ቦታ አደባባይ አታውጪ። ስልክሽ ያነሳው ፎቶ ውስጥ የቦታው ልክ ተደብቆ እንደሚጓዝ አስታውሺ፤ ከመላክሽ በፊት አጥፊው። ሳይንስ የሚፈልገውን ወረዳውንና ቀበሌውን ብቻ ብትሰጪ ማንም አይጎዳም። አዳኙ የሚፈልገው ግን የቦታውን ልክ እስከ መጨረሻው ቁጥር ነው።

13. ክትትል ማለት መድገም ነው። በየአገሩ ያየሁት ችግር አንድ ነው፦ ፕሮጀክት ይመጣል፣ ካሜራ ይገዛል፣ የሚያምር ካርታ ይሠራል፣ ፕሮጀክቱ ያልቃል፣ ካሜራው መጋዘን ይገባል። የአንድ ዓመት ካርታ ሥዕል ነው። አሥር ጊዜ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ቦታ የተደገመ ርካሽ ቆጠራ ግን እየቀነሰ ነው ወይስ እየጨመረ የሚለውን ይመልሳል። ስለዚህ ሥራሽን ስታቅጂ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ስካውቶቹ በራሳቸው ሊቀጥሉት የሚችሉትን ዘዴ ምረጪ፤ የባትሪውን ዋጋ እንኳ አስቢ። ጥሬ መረጃውን በአንድ ላፕቶፕ ላይ አታስቀምጪ፤ አንዱ ቅጂ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት፣ ሌላው በብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩቱ ይኑር። በሄድሽ ማግስት የሚተካሽ ሰው አንቺን ሳይጠይቅ ሊያነብበው ይገባል።

የመጀመሪያ ካርታሽ ሲያልቅ ሁለት ቅጂ አሳትሚ። አንዱን ያስጠለሉሽና መንገድ የመሩሽ ሰዎች በሚናገሩት ቋንቋ አድርገሽ ቀበሌያቸው ግድግዳ ላይ ስቀዪላቸው፤ የተሳሳተውን ቀድመው የሚያዩት እነርሱ ናቸው። ሌላውን ለእኔ ላኪልኝ፤ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ እመልስልሻለሁ።