የፒያሳ ስሞች እንዳይጠፉ፦ ሁለት ቅርንጫፎችን በጊት የማነጻጸር አሠራር

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር የአራዳን የቦታ ስሞች መመዝገብ ጀመርን። ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ሲኒማ አምፒር፣ ጣይቱ ሆቴል፤ እያንዳንዱ ስም በጽሑፍ ፋይል ውስጥ አንድ መስመር አለው። በየቤታችን ስለምንሠራ መዝገቡን የምንይዘው በጊት ነው፤ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1997 ዓ.ም. የሊኑክስን ኮድ ለመያዝ በሠራው ፕሮግራም። ዋናው ቅርንጫፍ «ሜይን»፣ እሷ የምትሠራበት ደግሞ «ፒያሳ» ይባላል።

ከማዋሐዳችን በፊት የምንከተለው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። ትእዛዞቹን እንደ አነባበባቸው ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ ሲያስገቧቸው በላቲን ፊደል ይሁን።

1. አዲሱን ሥራ ያምጡ። «ጊት ፌች» ይበሉ። ይህ ትእዛዝ የራስዎን ቅርንጫፎች አይነካም፤ በ«ኦሪጂን/» የሚጀምሩትን ብቻ ያድሳል። ስለዚህ የሚያነጻጽሩት «ኦሪጂን/ሜይን»ን ከ«ኦሪጂን/ፒያሳ» ጋር ነው። ይህን የዘለለ ሰው የትናንቱን ከትናንት ወዲያው ጋር ሲያስተያይ ይውላል።

2. የፋይል ስም በአማርኛ ከሆነ ቅንብሩን ያስተካክሉ። ጊት የግዕዝ ፊደል ያለበትን የፋይል ስም በ\341 የሚጀምሩ ቁጥሮች አድርጎ ያሳያል። «ጊት ኮንፊግ ኮር.ክዎትፓዝ ፎልስ» ካሉ ስሙ በፊደሉ ይታያል። አንድ ጊዜ ማድረግ ይበቃል።

3. ምን ምን ኮሚት እንዳለ ይዩ። «ጊት ሎግ --ዋንላይን ኦሪጂን/ሜይን..ኦሪጂን/ፒያሳ»። ሁለቱ ነጥቦች እዚህ ላይ «ፒያሳ ውስጥ ያለ፣ ሜይን ውስጥ ግን የሌለ» ማለት ናቸው።

4. የለውጡን ስፋት ይለኩ። «ጊት ዲፍ --ስታት ኦሪጂን/ሜይን...ኦሪጂን/ፒያሳ»። የተነኩትን ፋይሎችና የተጨመሩትንና የተቀነሱትን መስመሮች ብዛት ያሳያል። ሦስት ስም ጨመርኩ ያለ ሰው ሁለት መቶ መስመር ነክቶ ከተገኘ፣ ከመቀጠልዎ በፊት ደውለው ይጠይቁት።

5. ዝርዝሩን በሦስት ነጥብ ያንብቡ። ያንኑ ትእዛዝ ያለ «--ስታት» ይድገሙት። በነጥቦቹ ቁጥር ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቻለሁ። አንድ ቀን በሁለት ነጥብ አነጻጽሬ ይህን ቀይ መስመር አየሁ፦

-ዶሮ ማነቂያ

ጓደኛዬ ስሙን ያጠፋችው መስሎኝ ተቆጣሁ። እሷ ግን አልነካችውም። ቅርንጫፏን ከከፈተች በኋላ ስሙን ሜይን ላይ የጨመርኩት ራሴ ነኝ። በ«ዲፍ» ላይ ሁለት ነጥብ የሁለቱን ቅርንጫፎች የዛሬ መልክ ፊት ለፊት ያስተያያል፤ እሷ ዘንድ የሌለው ሁሉ እንደ ተሰረዘ ይታያል። ሦስት ነጥብ ግን ከተለያዩበት ቦታ ተነሥቶ እሷ የሠራችውን ብቻ ያሳያል። የባልደረባን ሥራ ለመገምገም የሚሆነው ይህኛው ነው።

6. የፊደል ልዩነትን ከቁም ነገር ይለዩ። «ሠራተኛ ሰፈር» እና «ሰራተኛ ሠፈር» ለእኛ አንድ ቦታ ናቸው፤ ለጊት ግን «ሠ» እና «ሰ» የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ መስመሩ ተለውጧል። በ5ኛው ትእዛዝ ላይ «--ወርድ-ዲፍ» ሲጨምሩ ከመስመሩ ውስጥ የተለወጠውን ቃል ብቻ ነጥሎ ያወጣዋል። ቃላቱ በክፍት ቦታ ሳይሆን በሁለት ነጥብ (፡) ብቻ ከተለያዩ ግን ጊት መስመሩን በሙሉ እንደ አንድ ቃል ይቆጥረዋል። እኛ የፊደል እርማትን ለብቻው ኮሚት እናደርጋለን፤ ከአዲስ ስም ጋር አንቀላቅለውም። መቶ የ«ሀ» እና የ«ሐ» ለውጥ ባለበት መካከል አንድ የተሰረዘ ስም ሳይታይ ያልፋል።

7. አረንጓዴ የሌለውን ቀይ ይፈልጉ። የታረመ መስመር በቀይም በአረንጓዴም ይመጣል፤ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ገብቷልና። ቀይ ብቻ ሆኖ ከቀረ ግን አንድ ነገር ከመዝገቡ ወጥቷል ማለት ነው። ለምን እንደወጣ ሳይጠይቁ አይለፉት። እኛ ጋ ደንቡ ግልጽ ነው፦ ቤቱ ቢፈርስ መስመሩ አይሰረዝም፤ ከስሙ ጎን «ፈርሷል» ተብሎ ዓመቱ ይጻፋል።

8. አሁን ያዋሕዱ። ሜይን ላይ ሆነው በመጀመሪያ «ጊት ፑል»፣ ቀጥሎ «ጊት መርጅ ኦሪጂን/ፒያሳ» ይበሉ።

ጊት የተሰረዘውን መስመር በታሪኩ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ፈልጎ የሚያወጣው ግን መጥፋቱን ያወቀ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የቸኮሉ ዕለት እንኳ ሌላውን ዘለው ቀዩን መስመር ያንብቡ።