ኪሎ ሲቀንስ ፍጥነት ይጨምራል?

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት የረጅም ርቀት ሯጭ ነኝ። አሠልጣኜ «ሦስት ኪሎ ብትቀንሺ ትፈጥኛለሽ» ስላለኝ እራት መብላት ትቻለሁ። መጀመሪያ ሰዓቴ ተሻሽሎ ነበር፤ አሁን ግን እግሬ እየከበደኝ ነው። የወር አበባዬም ከቀረ አምስት ወር ሆነው። ጓደኞቼ «ሯጭ ላይ ያለ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ያማከርናቸው የስፖርት ሕክምና ባለሙያ ዶክተር ዘንድ ሳይቀርብ የሚያልፍበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ «ያለ ነው» የሚለው ምክር ግን ያናድዳቸዋል። መኖሩስ አለ፤ ጤና ነው ያለው ማነው? ሦስት ወር የቀረ የወር አበባ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ጠያቂያችን አምስት ወር መጠበቅ አልነበረባትም።

መጀመሪያ ሰዓቷ ለምን ተሻሻለ? ሰውነት በደቂቃ የሚጠቀምበት ኦክስጅን የሚሰላው ለክብደት ተካፍሎ ነው። ኪሎ ሲወርድ ልብና ሳምባ ምንም ሳይጨምሩ ቁጥሩ ያምራል። ቆይቶ ጡንቻ ይሟሟል፣ ቁጥሩም አብሮ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 ለንደን ላይ ማራቶንን በ2:15:25 የሮጠችው ፓውላ ራድክሊፍ ከ1992 ጀምሮ ስትለካ የኦክስጅን አቅሟ በኪሎ 70 ሚሊ ሊትር አካባቢ እንደቆመ ነበር። ያደገው ቁጠባዋ ነው፦ በተመሳሳይ ፍጥነት ስትሮጥ የምትጠቀመው ኦክስጅን በ15 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ይህ የዓመታት ልምምድ ውጤት ነው፤ እራት በመተው አይገኝም።

የሚበላው ከሚቃጠለው ሲያንስ አንጎል በቅድሚያ የመራቢያ ሆርሞኖችን ይቀንሳል፤ ኤስትሮጅን ሲወርድ አጥንት ይሳሳል። አሜሪካዊቷ ሯጭ ሜሪ ኬይን እ.ኤ.አ. በ2019 ለሕዝብ እንደተናገረችው፣ ክብደት ቀንሺ እየተባለች ወር አበባዋ ለሦስት ዓመት ቀርቶ አምስት አጥንቶቿ ተሰብረዋል። ክብደቷ ምንም ያልቀነሰ ሯጭም ለልምምዷ የሚበቃ ካልበላች እዚሁ ላይ ትደርሳለች።

ዶክተሯን ትዕግሥት የሚያሳጣቸው ግን ሌላ ነው። እንደ ጠያቂያችን እግራቸው ከብዷቸው ሲመረመሩ ደም ማነስ ተገኝቶባቸው የአይረን ክኒን የሚታዘዝላቸው ሯጮች «ሰገራዬ ጠቆረ፣ ሆዴ ደረቀ» ብለው በሁለተኛው ሳምንት ይተዉታል። መጥቆሩ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ሄሞግሎቢን ከተስተካከለ በኋላ እንኳ ክምችቱ እስኪሞላ ሦስት ወር ያህል መቀጠል ያስፈልጋል። ሻይና ቡና አይረኑን ስለሚያግዱ ከክኒኑ ይራቁ። ቀይ ሥር ጥሩ ምግብ ነው፤ ክኒኑን አይተካም። ወር አበባ «ለማምጣት» የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚውጡም አሉ፤ ደሙን የሚያመጣው ክኒኑ ነው፣ አጥንቱ ግን እንደሳሳ ይቀራል።

«የኔ ልጅ፣ እራትሽን ብዪ» ይላሉ ዶክተሯ። በጾም ወቅትም ሽሮው፣ ምስሩና ለውዙ በርከት ይበል። የእርግዝና፣ የታይሮይድና የአይረን ክምችት ምርመራ በዚህ ሳምንት ታድርግ፤ ከተቻለ አሠልጣኟም አብሯት ይምጣ። ቅልጥሟ ላይ አንድ ቦታ ሲነካ የሚያማት ከሆነ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ሩጫውን ዛሬውኑ አቁማ ሐኪም ጋ ትሂድ።